አሮጌ ስክሪን በአዲስ ቀለም፦ አስመሳዩ የሚያዘው የት ላይ ነው?

/ከዚህ በታች የምታነቡት በግራፊክስና በኅትመት ሥራ ለተሰማሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። የአነጋገሩን ለዛ ላለማጥፋት ብዙውን እንደተነገረ ትተነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ/



የዛሬው ርዕስ ሲሰሙት ቀላል ነው። ጥቁር ጀርባ፣ አረንጓዴ ፊደል፣ አግድም አግድም የሄደ ቀጭን መስመር። በፖስተር ላይ፣ በሙዚቃ ክሊፕ ላይ፣ በየዩቲዩቡ ሽፋን ላይ የምታዩትን «የድሮ ኮምፒዩተር» መልክ ማለቴ ነው። ፎቶሾፕ ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። ፎቶሾፕ የመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ ጊምፕን በነፃ ይጭንና ይሠራዋል። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ስብሰባ የሚያስጠራው? የሚል ይኖራል።

የሚያስጠራውማ ይሄ ነው። አሮጌ መልክ መሥራት ስለ ትናንት መመስከር ነው። ምስሉን ያየ ሰው «ለካ ያኔ እንዲህ ነበር» ብሎ ይሄዳል። አገራችንን ደግሞ ታውቋታላችሁ። በየተራው የመጣ ሹም ሁሉ ትናንትን እንደገና ቀብቶ ሲሰጠን የኖርን ሕዝብ ነን። ድሮ በብሩሽ ይቀባ ነበር፣ አሁን በማውስ ይቀባል። ስለዚህ አስመስሎ የሚሠራ ባለሙያ የሚያስመስለውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ጋዜጣ ገዝቶ፣ ስልኩን ከፍቶ የሚያየው ዜጋም አስመሳዩ የት ላይ እንደሚያዝ ማወቅ አለበት። ሁለቱ የሚፈልጉት ዕውቀት አንድ ዓይነት ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ላይ የማነሳው።

ያ አረንጓዴ ከየት መጣ?

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ነው። አብረውት ከሚሸጡት ስክሪኖች አንዱ ባለ አንድ ቀለም ነበር፤ አረንጓዴ። አረንጓዴነቱን ለውበት የመረጠው የለም። የስክሪኑ መስታወት ከውስጥ በኩል ፎስፈር የሚባል ነገር ተቀብቷል። ከኋላ የሚተኮሰው የኤሌክትሮን ጨረር ሲመታው ይበራል። ጨረሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ገበሬ በሬ፣ መስመር በመስመር እያረሰ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 50 ጊዜ ደግሞ ለዓይን ጥቂት ነው፤ ስክሪኑ ይርገበገባል። መላው ምን ሆነ? ጨረሩ ካለፈ በኋላም ትንሽ የሚቆይ፣ ቶሎ የማይጠፋ ፎስፈር መረጡ። እሱ ደግሞ አረንጓዴ ነው። መዘዝም አልጠፋውም፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ሲንከባለል የቀድሞው መስመር ጥላ ለቅጽበት እንደ መንፈስ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው፣ በየፖስተሩ የምናያቸውን ሁለት ስህተቶች አይሠራም።

አንደኛው በአረንጓዴ ስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ መዝራት ነው። ጊምፕ ውስጥ «ቪዲዮ ዲግራዴሽን» የሚባል ማጣሪያ አለ፤ አንድ ጊዜ ጠቅ ስታደርጉት ምስሉን በሦስት ቀለም ነጥብ ይሞላዋል። ሰው ያምረዋል መሰለኝ፣ የትም ይጭነዋል። ነጠብጣቡ ግን የባለቀለም ስክሪንና የባለቀለም ቴሌቪዥን ነው። እነሱ ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ እንደ ወንፊት የተበሳ ብረት አለ፤ ሦስቱን ጨረሮች ለየራሳቸው ቀለም የሚያደርስ። ባለ አንድ ቀለሙ ስክሪን ወንፊት የለውም። ፎስፈሩ ድፍን ሆኖ የተቀባ ነው። ለዚህም ነው ፊደሉ በጊዜው ከነበረው ከባለቀለሙ ይልቅ ጥርት ያለው፣ የቢሮ ጸሐፊም እሱን የሚመርጠው።

ሁለተኛው ደግሞ አሥራ አምስት ዓይነት አረንጓዴ መደርደር ነው። የዚያ ማሽን የጽሑፍ ካርድ የሚያውቀው የጠፋ፣ የበራና ደምቆ የበራ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከሥር ማስመር፣ ብልጭ ድርግም ማድረግና መገልበጥ፤ ጀርባው በርቶ ፊደሉ ጥቁር ሲሆን ማለት ነው። አለቀ። ከዳር ወደ መሐል እየደበዘዘ የሚሄድ አረንጓዴ ጥላ ያለበት «የ1981 ስክሪን» ካያችሁ፣ የሠራው ሰው ስክሪኑን በፊልም እንጂ በአካል አያውቀውም።

ፊልም ካልኩ አይቀር፤ ያ ከታች ወደ ላይ የሚንሸራተት ወፍራም ጥቁር ወይም ነጭ ጥላስ? በቪዲዮ የተቀረፀ የድሮ ስክሪን ላይ ታዩታላችሁ። ይሄ የካሜራው በሽታ ነው፣ የስክሪኑ አይደለም። ካሜራው በሴኮንድ የሚያነሳው ሥዕልና ስክሪኑ ገጹን የሚያድስበት ፍጥነት ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚፈጠር ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አያየውም ነበር። ዛሬ ግን «ድሮ ይምሰል» ተብሎ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ካሜራ ያጠፋውን ስክሪኑ ካሰ፣ እንደ ማለት ነው።

አራት ቀለም ብቻ ለምን?

ሌላው የአይቢኤም ካርድ ሲጂኤ የሚባለው ባለቀለሙ ነው። ሥዕል ሲያሳይ 320 ነጥብ በወርድ፣ 200 ነጥብ በቁመት። ቀለሙ ግን በአንድ ጊዜ አራት ብቻ። የካርዱ ማስታወሻ 16 ኪሎባይት ነው። 320 በ200 ስታበዙ 64,000 ነጥብ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቢት ስትሰጡ 128,000 ቢት፣ ማለትም 16,000 ባይት፤ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለት ቢት ደግሞ ከአራት ነገር በላይ አይቆጥርም። በቃ፣ አርቲስቱ ምን ያድርግ? ወይ ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ሮዝና ነጭ ከአንድ ጀርባ ጋር፤ ወይ አረንጓዴ፣ ቀይና ቡኒ ከአንድ ጀርባ ጋር። የዚያን ጊዜ ጨዋታ ሰማዩም ሰውም ሐምራዊ የሆነው የሠሪው ጣዕም ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ።

ስለ ቡኒው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ የምወደው ነገር ስለሆነ ነው። የሲጂኤ አሥራ ስድስት ቀለሞች በሒሳብ የተሠሩ ናቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እና ማድመቂያ። በዚህ ሒሳብ ደብዘዝ ያለ ቀይና ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲደመሩ የሚመጣው ጎምዛዛ የሚመስል ጥቁር ቢጫ ነው። የአይቢኤም መሐንዲሶች ይህን ቀለም ሳይወዱት ቀሩና በስክሪኑ ውስጥ ለዚህ አንድ ቀለም ብቻ አረንጓዴውን በግማሽ የሚቀንስ ልዩ መስመር አበጁለት። ቡኒ ሆነ። ዛሬ በፎቶሾፕ ስትሠሩ ይህ ቀለም ቀይ 170፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 0 ነው። 170፣ 170፣ 0 ያደረገ ሰው ሒሳቡን ያውቃል፣ ስክሪኑን አያውቅም። ለአንድ ቀለም ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ነበር እኮ! እኛ ደግሞ ማጣሪያ ጭነን «ሬትሮ» እንላለን።

አሁን ማውሱን እንያዝ

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ትልቅ ገጽ ይከፍታል፣ በዘመናዊ ፊደል ይጽፋል፣ ከዚያ «ፒክስሌት» ያደርገዋል። የሚወጣው አሮጌ ስክሪን ሳይሆን የታመመ አዲስ ስክሪን ነው። ምክንያቱም ፒክስሌት የሚባለው ማጣሪያ አጎራባች ነጥቦችን ደምሮ አማካዩን ይሰጣል፤ በጥቁርና በብርሃን መሐል ብዙ ግራጫ ይፈለፍላል። ያ ማሽን ግራጫ አያውቅም ብለናል።

በተቃራኒው ጀምሩ። ገጹን በእውነተኛው ልክ ክፈቱት። ለአረንጓዴው የጽሑፍ ስክሪን 720 በ350 ነው፤ 80 ፊደል በወርድ፣ 25 መስመር በቁመት፣ እያንዳንዱ ፊደል 9 በ14 በሆነ ሳጥን ውስጥ። አዎ፣ ገጿ ትንሽ ናት፤ አጉሉና ሥሩ። ለላቲኑ ፊደል ከእውነተኛዎቹ ካርዶች ተቀድተው በነፃ የሚገኙ ፎንቶች አሉ፤ እነሱን ውሰዱ። የፊደል ጠርዝ ማለስለሻውን፣ አንታይ አሊያሲንግ የሚሉትን፣ አጥፉ። ባለቀለም ከሆነ ምስሉን «ኢንዴክስድ» ወደሚለው ዓይነት ለውጡና የቀለም ሰንጠረዡን ራሳችሁ ሙሉ፤ ያኔ ፕሮግራሙ ራሱ ከአራቱ ወይም ከአሥራ ስድስቱ እንዳትወጡ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ማሳደግ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው። ስታሳድጉ ፎቶሾፕ «ኒረስት ኔበር» የሚለውን፣ ጊምፕ ደግሞ በማሳደጊያው መስኮት «ነን» የሚለውን ምረጡ፤ ሌላው ሁሉ ነጥቡን ያሟሟዋል። ወርዱና ቁመቱ እኩል መባዛት የለባቸውም። የያኔ ስክሪን 4 ለ3 ነው፤ 320 በ200 ግን 4 ለ3 አይደለም። ነጥቦቹ ከወርዳቸው ቁመታቸው ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ወርዱን በ5፣ ቁመቱን በ6 አብዙት፤ 1600 በ1200 ይመጣል፣ ልክ 4 ለ3። እኩል አብዝታችሁ ከተዋችሁት ክብ የነበረው ሁሉ ተደፍጥጦ ይወጣል። ለአረንጓዴው ስክሪን ወርዱን በ2፣ ቁመቱን በ3 ብታበዙ 1440 በ1050 ይሆናል፤ ከ4 ለ3 ትንሽ ዝቅ ቢልም ዓይን አይይዘውም።

መስመሮቹን አሁን ጨምሩ፤ ከዚህ በፊት አይደለም። እያንዳንዱ የድሮ መስመር ስድስት የአሁን መስመር ሆኗል፤ ከስድስቱ አንድ ሁለቱን በሌላ ሌየር ላይ አጥቁሩ። ግን ድፍን ጥቁር አታድርጉት። ጨረሩ ሲደምቅ ይወፍራል፤ ደማቅ ቦታ ላይ ክፍተቱ ሊዘጋ ምንም አይቀረው፣ ደብዛዛ ቦታ ላይ ይሰፋል። እኩል የተሰመረ ጥቁር መስመር ዱሮውንም የመስኮት መጋረጃ እንጂ ስክሪን አይመስልም። ከ1987 ወዲህ ያለውን የቪጂኤ ስክሪን ልሥራ የሚል ካለ ደግሞ ይህን መስመር ጭራሽ ይርሳው። ቪጂኤ ባለ 200 መስመሩን ሥዕል እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እየጻፈ 400 ያደርገው ነበር፤ ክፍተቱ ተሞልቷል። የዘጠናዎቹን የዶስ ጨዋታ በወፍራም ጥቁር መስመር ሸንሽኖ «የልጅነቴ ስክሪን» የሚል ሰው ስንት አየሁ!

ቀሪው ቅመም ነው። ሌየሩን ገልብጡ፣ በጋውስያን ብለር አደብዝዙት፣ «ስክሪን» በሚባለው የሌየር ማዋሃጃ ከላይ አድርጉትና ኃይሉን ቀንሱ። ፊደሉ ዙሪያ የሚታየው ጭጋግ መሰል ብርሃን እሱ ነው። ገጹን ወደ ውጭ በመጠኑ አስነፍጡት፤ የያኔ መስታወት ቆሮቆንዳ ነበር፣ ግን እንደ ኳስ አልነበረም። ጥቁሩን ድፍን ጥቁር አታድርጉ። የጠፋ ስክሪን ዓይታችሁ ከሆነ መስታወቱ ግራጫ ነው፤ ክፍል ውስጥ መብራት ካለ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይነጣል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለዚህ። ቀን የምትጽፉ ከሆነ አስቡበት። የመጀመሪያው ፒሲ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝ ባትሪ አልነበረውም። ሲበራ ዶስ ቀኑን ይጠይቃል፤ ራሱ የሚያቀርበው ቀን ማክሰኞ 1-1-1980 ነው። ጸሐፊው ቸኩሎ ዝም ብሎ ካለፈው ፋይሉ ሁሉ ጥር 1 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ተጻፈ ይሆናል። እውነተኛው አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ ቀኑን አያውቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን አስተካክሎ የሚያውቀው አስመሳዩ ነው።

የእኛ ፊደል በስምንት ነጥብ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰው አገር ነው። ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ከባዱ እዚህ ነው።

የላቲን ፊደል ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። የኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፤ እነ ቋን፣ ኳን፣ ጓን ሳንቆጥር፣ ቁጥሩንና አራት ነጥቡን ሳንቆጥር። የፒሲው የጽሑፍ ካርድ ደግሞ በጠቅላላው 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ላቲኑም፣ ቁጥሩም፣ የሰንጠረዥ መስመሩም እዚያው ውስጥ። ግዕዝን አስገባለሁ ያለ ሰው እንግሊዝኛውን ማስወጣት ነበረበት። ከ1984 እና ከ1987 በኋላ የወጡት ኢጂኤና ቪጂኤ 512 ፊደል በአንድ ጊዜ መያዝ ቻሉ። ግን ለዚያም ተከፍሏል፤ ለፊደል ቀለም የነበረው አንድ ቢት ለዚህ ስለሚሄድ አሥራ ስድስቱ የፊደል ቀለም ስምንት ይሆናል። ሌላው አማራጭ ጽሑፉን እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ መሣል ነው፤ ያ ደግሞ በዚያ ጊዜ ማሽን ይንቀራፈፋል።

ሳጥኑስ? ሲጂኤ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው 8 በ8 ነጥብ ነው። እስቲ ሐን ውሰዱ። ሦስት እግር፣ በመሐሉ ሁለት ክፍተት፤ አምስት ነጥብ ሄደ። ሑ ሲሆን በጎኑ ለሚወጣው ቅጥያ ሁለት ነጥብ፤ ሰባት። አንዷ የቀረችው ከሚቀጥለው ፊደል እንዳይጋጭ ክፍተት ናት። በወርድ ለጥቂት ተረፍን። በቁመት ግን ጠ እና ጨን በስምንት ነጥብ ለዩ ብላችሁ ሞክሩ! ፕ እና ኘማ በትልቁ ፊደልም ሲምታቱ ኖረዋል፤ ስንቱ ጋዜጣ ነው «ኘሮግራም» እና «ኘሬዚዳንት» እያለ ሲጽፍ የኖረው? በስምንት ነጥብ ሣጥን ውስጥ አንባቢው በአውድ ካልገመተ በቀር አይለያቸውም። በ14 ወይም በ16 ነጥብ ቁመት ነው ፊደላችን ሰው የሚመስለው።

ታዲያ ዛሬ አንድ ወጣት «የሰማንያዎቹ የአማርኛ ኮምፒዩተር» የሚል ፖስተር ሊሠራ ይነሳና ምን ያደርጋል? ናይላን ወይም ሌላ ዘመናዊ ፎንት ይጽፍና በማጣሪያ ይፈጨዋል። የብዕር ውፍረትና ቅጥነቱ፣ ቁልቁል የቀጠነው እግሩ እንዳለ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ተቆራርጧል። ይሄ የሰማንያዎቹን ባለሙያ መበደል ነው እላለሁ። ያ ሰው በስምንት ነጥብ ውስጥ የሐን ሦስት እግር ለማስገባት ሌሊቱን ሲያድር፣ የትኛው ቅጥያ ቢቀር ፊደሉ አሁንም ይነበባል ብሎ ሲጨነቅ፣ እኛ የእሱን ድካም በአንድ ጠቅታ ሰርዘነው ሌላ ታሪክ ጻፍን። ሥሩት ካላችሁ በሳጥኑ ውስጥ ሥሩት። በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ጀምሩ። 231ዱንም አትሥሩ፤ ለፖስተራችሁ የሚያስፈልጉት አሥራ አምስት ሃያ ፊደል ናቸው። አንድ ማታ ይበቃል።

ለመሆኑ የላቲኑ ዓለም ስክሪኑን አስቀምጧል፤ የካርዶቹ ፊደል ተቀድቷል፣ በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም አለ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድሮውን ፕሮግራም ራሱን ማስነሳት ይቻላል። የተሳሳተ ምስል ቢሠራ ከዋናው ጋር ይመሳከራል። የእኛው ግን በየሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ፊደላችን ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እነ ፓወር ግዕዝ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነበር ፊደሉን የሚቆጥሩት። የዚያን ጊዜ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ነው የሚመጣላችሁ። ጽሑፉ አለ፣ የሚያነበው የለም። እንግዲህ ዋናው ሳይሰበሰብ አስመስሎ የተሠራው ከበዛ፣ ነገ የሚመጣው ተማሪ ማስረጃ ብሎ የሚጠቅሰው የእናንተን ፖስተር ነው።

ፊደል ያጋለጣቸው

ይሄ ሁሉ የነጥብ ቆጠራ ለቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ ትልልቅ ሰዎች በፊደል ተጠልፈው ወድቀዋል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2004 የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የወጣትነት የውትድርና አገልግሎት «ከ1972 እና ከ1973 የተገኙ» ያላቸውን ደብዳቤዎች አቀረበ። ደብዳቤዎቹ የተባዙ፣ የደበዘዙ፣ አሮጌ መሳይ ናቸው። ሰዉ ግን ፊደሉን አየ። ወርዱ እንደየፊደሉ የሚለያይ፣ መስመሩም ከማይክሮሶፍት ወርድ ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። የያኔ የቢሮ የጽሕፈት መኪና እንዲህ አይጽፍም ተባለ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሲቢኤስ የደብዳቤዎቹን እውነተኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ማደብዘዝና ማርጀት ፊደሉን አልሸሸገውም።

በ2017 ደግሞ በፓኪስታን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የናዋዝ ሸሪፍ ልጅ ማርያም ናዋዝ ለመርማሪዎች የቀረበ ሰነድ ላይ ጥያቄ ተነሳ። ሰነዱ የካቲት 2006 ይላል። የተጻፈበት ፎንት ካሊብሪ ነው። ካሊብሪ በዊንዶውስ ቪስታና በኦፊስ ለሕዝብ የወጣው በጥር 2007 ነው። በሙከራ ላይ ሳለ በአንዳንድ ባለሙያዎች እጅ ስለነበረ ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ እሷም በ2018 ከተፈረደባት በኋላ በ2022 በይግባኝ ነፃ ወጥታለች። የእኔ ነጥብ ፍርዱ አይደለም። አንድ አገር ሙሉ ስለ አንድ ፎንት የልደት ቀን ሲከራከር መክረሙ ነው።

ናይላ የሚባለው የእኛ ፎንትም ከዚያው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣው፤ ጥር 1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንግዲህ «የ1997 ዓ.ም. ዋናው ደብዳቤ» ተብሎ ማኅተም የታተመበት ወረቀት በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዞር ስታዩ፣ ማኅተሙን ትታችሁ ፊደሉን እዩ። በናይላ ከሆነ፣ ያመጣው ሰው ብዙ የሚያስረዳው ነገር አለ። በእርግጥ የኮምፒዩተር ፋይል ሆኖ ዛሬ ተከፍቶ የታተመ ከሆነ ፎንቱ ሊቀየር ይችላል፤ እኔ የምለው «ያኔ የታተመው ወረቀት ራሱ ነው» ለሚለው ነው። በጽሕፈት መኪና ተጻፈ የተባለም ቢሆን፣ መኪናው ቅጥያውን ለብቻው እየመታ ነበረና ቅጥያው አንዳንዴ ከፊደሉ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይደረባል። ሁሉም «ሑ» ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ተጠራጠሩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ፤ ፊደል ደግሞ ቶሎ ያቀለዋል።

ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፣ ይሄን ልብ በሉ። ዱሮ እነ ስታሊን ከጎናቸው የቆመውን ሰው ከፎቶግራፍ ላይ ይፍቁት ነበር፤ በ1937 በሞስኮ ቦይ ዳር አብሮት የተነሳው የደኅንነቱ ኃላፊ ዬዦቭ፣ በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶውም ጠፋ። ዛሬ ፎቶውን መፋቅ አያስፈልግም። እውነተኛ ሰነድ ሲወጣ ባለሥልጣኑ «ፎቶሾፕ ነው» ብሎ ይገላገላል። ሰዉም አስመስሎ የተሠራ ነገር ስለሰለቸው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። እያንዳንዱ ሳይነገር የተለቀቀ አስመሳይ ምስል ለዚህ ባለሥልጣን የተሰጠ ስጦታ ነው። ተቃዋሚም ብንሆን፣ በተለይ ተቃዋሚ ከሆንን፣ ይሄን ስጦታ ልንሰጠው አይገባም። «ዓላማው ጥሩ ስለሆነ» ብሎ የተቀባ ምስል ያወጣ ጋዜጣ፣ የነገውን እውነተኛ ማስረጃ ዛሬ ገደለው።

ስለዚህ ስትሠሩ ጥግ ላይ «መልሶ የተሠራ» ብላችሁ ጻፉ፤ በዚያው በስምንት ነጥቡ ፊደል ብትጽፉት ያምራል እንጂ አያስጠላም። ዓመቱንና የሠራችሁበትን ፕሮግራም ጨምሩ። ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል አትጣሉ፤ ሰው ሲጠይቅ ከፍታችሁ የምታሳዩት እሱ ነው። በጋዜጣ ላይ ከሆነ ከሥሩ በሚነበብ መጠን ይጻፍ፤ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እቤት ያለውን ፍሎፒ ደግሞ አትጣሉ። ትንሹ ሦስት ኢንች ተኩሉ ከሆነ ጥግ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ግፏትና ቀዳዳው ይከፈት፤ ያኔ ማሽኑ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ። ፋይል በፋይል አትቅዱ፤ ዲስኩን ሙሉውን በአንድ ምስል ቅዱት፣ 1.44 ሜጋባይት ናት፣ ስልካችሁ ላይ ካለች አንዲት ፎቶ ታንሳለች። የአማርኛ ፕሮግራም ያለበት ከሆነ ፎንቱንም አብራችሁ ያዙ፤ ያለ እሱ ጽሑፉ አይነበብም። ትልቁ አምስት ኢንች ሩቡ ግን ሌላ ማንበቢያ ይፈልጋል፤ ያላችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገር።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።